ከድጡ ወደ ማጡ፦ ጓሳ ላይ ያለው ረግረግ ምን ይሠራል?

«ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል የባሰ መጣ ማለታችን ነው። ድጥ ያንሸራትታል፤ ተነስቶ አቧራን አራግፎ መሄድ ይቻላል። ማጥ ግን ይውጣል። በቋንቋችን ማጥ መልካም ስም ኖሮት አያውቅም። አረንቋም ያው ነው። ገበሬውም ረግረግ መሬት ሲደርሰው ደስ አይለውም። በሬ ይሰምጥበታል፣ ገብስ ይበሰብስበታል፣ በጉም የጉበት ትል ይዞ ይመለሳል።

በየዓመቱ ጥር 25 ቀን ገደማ ግን ሬድዮው ስለ ረግረግ መሬት ጥበቃ ያወራል። ቀኑ በዓለም ደረጃ የእርጥበት አዘል መሬቶች ቀን ተብሎ ይከበራል። የተመረጠውም እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያው ዕለት ኢራን ውስጥ ራምሳር በምትባል ከተማ ስለ እነዚህ መሬቶች ጥበቃ ስምምነት ስለተፈረመ ነው። አንድ የመንዝ አባት ይህን ሰምቶ «ማጥ ደግሞ ምኑ ይጠበቃል?» ቢል አይፈረድበትም። የሚገርመው ግን የእሱ ቅድመ አያቶች ራምሳር የሚባል ከተማ መኖሩን ሳያውቁ ከ300 ዓመት በላይ ማጥ ሲጠብቁ ኖረዋል። ቦታው ጓሳ ይባላል።

ጓሳ የቱ ጋ ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማበር ይደረሳል። ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ፣ ሌላው ወደ ግራ ታጥፎ በጋራው ጀርባ ላይ ወደ መሀል ሜዳ ይሄዳል። ጓሳ በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳም ይሠራበታል። ግን ሜዳው ሁሉ ጓሳ አይደለም። ጨረንፌ ቁጥቋጦ አለ፣ አስታ አለ፣ ከሩቅ ሰው የቆመ የሚመስል ጅብራ አለ። በጉብታዎቹ መካከል ባሉት ዝቅ ያሉ ቦታዎች ደግሞ ውኃ ተኝቶ ቀጤማ ይበቅላል። ከክረምት ማግሥት እዚያ እግሩን ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ከታች እንደ ፍራሽ እምምም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ፍራሽ ነው።

ማጥ እንዴት ይፈጠራል?

ጠላ የጠመቀ ሰው ነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። ጋኑ አፉ በደንብ ከታተመ ጠላው ይቆያል። ማተሚያው ከተሰነጠቀና አየር ከገባ ይኮመጥጣል፤ የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉና።

ሣርም ሲሞት የሚያበሰብሱት አየር የሚፈልጉ ተሕዋስያን ናቸው። በደረቅ ሜዳ የወደቀ ሣር በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ አፈር ይሆናል። ውኃ በተኛበት ቦታ ግን አየር አይገባም። ውኃው እንደ ጋን ማተሚያ ይሆናል። ሣሩ በግማሽ ይበሰብስና እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት የሞተው በላዩ ይተኛል። እንዲህ እየተደራረበ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ስትጨምቀው ውኃ የሚያንጠባጥብ ነገር ይሆናል። ይህን ነገር ሳይንቲስቶች ፒት ይሉታል። ከአፈር የሚለየው አብዛኛው የዕፅዋት ቅሪት መሆኑ ነው፤ ጠጋ ብለህ ስታየው የሥሩ ክር ሁሉ ይታያል።

ፒት ሲደርቅ ይነድዳል። የአየርላንድ ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ጡብ እየቆረጡ ፀሐይ ላይ አስጥተው ለምድጃቸው ተጠቅመውበታል። እኛ ኩበት ጠፍጥፈን እንደምናደርገው መሆኑ ነው። ልዩነቱ ኩበት የትናንት ሣር ሲሆን ፒት ምናልባት የ3,000 ዓመት ሣር መሆኑ ነው። ፒት ጥሩ በሆነ ቦታ እንኳ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። አንድ ሜትር ለመድረስ 1,000 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። በቁመትህ ልክ የተቆፈረ ጉድጓድ ግርጌው ከአክሱም ሐውልቶች ጋር እኩያ ነው።

ሌላ ሀገር «ጉብታ ማጥ» የሚሉትስ ምንድን ነው?

ስለ ፒት የሚወጡ ሥዕሎችና ዜናዎች አብዛኞቹ ከአውሮፓ ናቸው። እዚያ አንድ ለየት ያለ ዓይነት አለ። ውኃ የተኛበት ጎድጓዳ በፒት እየተሞላ ይሄድና አይቆምም። ከዙሪያው መሬት በላይ እያበጠ ይወጣል። መሀሉ ጎበጥ፣ ዳሩ ዝቅ ይላል፤ ምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ውኃ ወደ ላይ አይወጣም። ጉብታው ከምንጩም ከወንዙም በላይ ከሆነ ምን ያረጥበዋል? መልሱ ዝናብ ብቻ ነው። ጉም፣ ጤዛ፣ በረዶም ይጨመርበታል። ከታች የሚመጣለት የለም። ዝናብ ውኃ ደግሞ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እዚያ የሚበቅለው በጥቂቱ መኖር የቻለ ብቻ ነው። አንዳንዱ ተክል ምግብ ሲያጣ ሥጋ በል ሆኗል። ቅጠሉ ላይ ባለ ሙጫ ትንኝ ይዞ ይበላል። (ይህን ስሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።)

የቦታው ጌታ ግን ስፋግነም የሚባል ሥር የሌለው ለስላሳ ተክል ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያድገው አረንጓዴ ምንጣፍ ዘመድ ነው። የደረቅ ክብደቱን እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውኃ ይይዛል። አካባቢውን ደግሞ ያኮመጥጠዋል። ኮምጣጣነቱ፣ አየር ማጣቱና ቅዝቃዜው አንድ ላይ ሲሆኑ ምንም ነገር አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ1950 ዴንማርክ ውስጥ ፒት የሚቆርጡ ሰዎች የሰው ሬሳ አገኙ። ፊቱ አልተለወጠም፤ አጭር ጺሙ ሁሉ ይታይ ነበር። አንገቱ ላይ ገመድ ስላለ በቅርቡ የተገደለ መስሏቸው ለፖሊስ አመለከቱ። ሲመረመር ከሞተ 2,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ማጡ ቆዳውን እንደ ለፋ ቆዳ አድርጎ አቆይቶት ነበር።

እንዲህ ያለ ጉብታ ማጥ ተራራ ላይ ደን ውስጥም ይገኛል። በጀርመን ጥቁር ደን በሚባለው ተራራማ አገር፣ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ካልተንብሮን የሚባል ቦታ አለ። በጽድ ደን የተከበበ ነው፤ የአውሮፓ በረዶ ዘመን ካበቃ ጀምሮ ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ የተጠራቀመ ነው። ጎብኚ የሚሄደው በተነጠፈ የእንጨት መንገድ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወርዶ መርገጥ ክልክል ነው።

የጓሳውስ ከየትኛው ነው?

ከጉብታው ዓይነት አይደለም። የጓሳ ረግረግ የሚገኘው በጋራዎች መካከል ባሉ ዝቅታዎችና በተዳፋት ግርጌ ነው። ዝናብ ይመጣለታል፤ ግን ከጎን ከሚንጠባጠበው ምንጭም ይጠጣል። ስለዚህ ማዕድን አያጣም፤ ስፋግነም ሳይሆን ቀጤማና ሣር ይገዛዋል። አሸንዳም ዳር ዳሩን ቀይና ቢጫ ሆኖ ያብባል። ቀጤማው ጉብ ጉብ እያለ በእስር በእስር ይበቅላል። በጉቦቹ መካከል ጥቁር ውኃ አለ።

ሌላው ልዩነት አየሩ ነው። በአውሮፓ ብርዱ ወራት ይዘልቃል። ጓሳ ላይ ቀትር ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በነጋታው ያው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይገኛል። ይህ ቅዝቃዜ ብስባሴን ያዘገያል። ውኃውም አየሩን ይከለክላል። የጋኑ ሥራ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ሠሪው ብቻ ሌላ ነው።

በሀገራችን ከፍተኛ ተራሮች እንዲህ ያለ ረግረግ በባሌም በአርሲም አለ። ተመራማሪዎች በአርሲ ባዳ ተራራ ላይ ካለ ረግረግ በቱቦ እየወጉ ያወጡት ደለል ከ11,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። በየንብርብሩ የአበባ ብናኝ አለ። ብናኙ ስለማይበሰብስ በየዘመኑ ምን ዛፍ እንደነበረ ይነግራል። ረግረግ ማስታወሻ ደብተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ሲታረስ ገጹ ሁሉ ይደባለቃል።

ውኃውን እንዴት ይይዛል?

ብዙ ጊዜ ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው ይባላል። እኔ የመንዝ ባና ይሻለኛል።

የሱፍ ባና ዝናብ ላይ ረስተኸው ካደርክ ጠዋት ብቻህን አታነሳውም። አጥር ላይ ስትሰቅለው ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ረግረጉ እንዲሁ ነው። በሰኔ ደርቆ የነበረው ማጥ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል። በበጋ ደግሞ ቀስ እያለ ይለቃል። ወደ ታች የሚወርደው ጅረት በታኅሣሥም በጥርም ጨርሶ የማይቆመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻ እንግፋው። የራሰ ባና ላይ ሌላ ባልዲ ውኃ ብትደፋበት አይጠጣም፤ ይፈስሳል። ነሐሴ ላይ ማጡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያን ጊዜ የሚመጣ ዶፍ በላዩ ይሄዳል። «ረግረግ ጎርፍን ሁሉ ያስቀራል» የሚለው አባባል ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ያኔ የሚረዳው ሣሩ ነው። ጉብ ጉቡ ቀጤማና ረጅሙ ጓሳ ውኃውን እየከፋፈሉ እግሩን ያስሩታል። ውኃው ይፈስሳል፣ ግን አይሮጥም። የማይሮጥ ውኃ አፈር አይጠርግም።

ጓሳ የቆመው በውኃ መክፈያ ላይ መሆኑ ነገሩን ከባድ ያደርገዋል። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ በገደሉ የወረደው ወደ ቆላው፣ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከጓሳ 26 ያህል ወንዞችና ጅረቶች እንደሚነሱ ይነገራል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ውኃው ከየት እንደሚመጣ ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከላይ በጉም የተሸፈነው ያ ጋራ ነው።

ከዚያው ሰንሰለት ወደ ደቡብ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደተጠበቀ የሚነገርለት የጽድና የወይራ ደን ነው። እሱ ማጥ አይደለም፤ ሥራው ግን ይመሳሰላል። በጋራው የሚመጣውን ጉም ዛፉ በቅጠሉ ይይዝና ወደ መሬት ያንጠባጥበዋል።

ታዲያ ቦይ ቀድዶ ማረስ ምን ክፋት አለው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰው ቁጥር ጨምሯል፣ መሬት ጠብቧል፣ ገብስም ከዓመት ዓመት ወደ ጋራው እየወጣ ነው። ጥቁር አፈር ታይቶ ባይታረስ ያስቆጫል።

መጀመሪያ በእርግጥ ያበቅላል። ቦዩ ሲቀደድ ውኃው ይወርዳል፣ አየር ይገባል። አየር ሲገባ ተሕዋስያኑ ሥራ ይጀምራሉ። የጋኑ ማተሚያ ተሰበረ ማለት ነው። ለሺህ ዓመታት ተዘግቶ የቆየው ቅሪት ይበሰብስና ማዳበሪያውን ይለቃል። ለጥቂት ዓመታት አዝመራው ያማረ ይሆናል። ከዚያ መሬቱ ይወርዳል። «ይወርዳል» ስል ለምነቱን ብቻ አይደለም፤ ከፍታውም ይወርዳል። ፒቱ በአብዛኛው ውኃ ስለነበር ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ቀሪው ደግሞ ወደ አየር ይተናል።

እንግሊዝ ውስጥ አንድ ትልቅ ረግረግ ሲደርቅ እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ድረስ ቀብረው ነበር። ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ ነው። ዛሬ ምሰሶው ከመሬት በላይ 4 ሜትር ያህል ወጥቶ ቆሟል። ምሰሶው አላደገም።

ማረስ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። ብዙ ከብት በክረምት ሲረግጠው ቀጤማው ይነቀላል፣ ጥቁሩ አፈር ይገለጣል፣ ውኃው በኮቴ ዱካ ቦይ ያበጃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ረግረግን ለማድረቅ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚተከል ዛፍ ነው፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል። እሳትም አለ። የደረቀ ፒት አንዴ ከተያያዘ ላዩ ጠፍቶ ከሥር ለሳምንታት ይጤሳል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቃጠለው የፒት መሬት ጢስ ጎረቤት ሀገሮችን ሁሉ ሸፍኖ ነበር።

ከአየር ንብረት ጋር ምን አገናኘው?

ዕፅዋት ሲያድጉ ከአየር ካርቦን ይወስዳሉ። ሲበሰብሱ ይመልሱታል። ካልበሰበሱ ካርቦኑ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። የፒት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶውን ብቻ ይሸፍናል። በውስጡ የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደኖች ሁሉ በዛፎቻቸው ከያዙት እጥፍ ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። ዛፍ ስንተክል ፎቶ እንነሳለን። ማጥ ዳር ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

የጓሳው ከዓለሙ ድምር ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው። ለመንዝ ሰው ግን ካርቦኑ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። አንደኛው ውኃው ነው፣ ከዚያ ሣሩ።

እስከ ዛሬ ማን ጠበቀው?

ሕዝቡ ራሱ። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። (ከጥቂት ዓመታት በፊት በዜና ከሰማነው ቄሮ ጋር አይገናኝም፤ የቃል መመሳሰል ነው።) ታሪኩ ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጓሳን ተካፍለው ለልጆቻቸው እንዳወረሱ ይነገራል። የመጠቀም መብት ያለው የእነሱ ዘር ነበር። ከየወገኑ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። አባ ቄራው ጓሳ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይከፍታል።

መዝጋቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ከብት ማሰማራት፣ እንጨት መልቀም የለም። ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋው ይከፈታል፤ ክረምት ሳይገባ ደግሞ ይዘጋል። የበጋውን ነገር ልብ በሉ። ሰውና ከብት የሚገባው መሬቱ በደነደነበት ወቅት ነው፤ ማጡ በሚያሰምጥበት ጊዜ ማንም አይረግጠውም። ያጠፋ ይቀጣል፤ ቅጣቱ በተሰረቀ ሣር የተከደነን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይተረካል። ቤተ ክርስቲያንም ከጀርባው ነበረች፤ ከአባ ቄራ ያመለጠ ከውግዘት አያመልጥም።

ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ወይ? ለሁሉም አልነበረም። ዘሩ ያልሆነ ሰው ከዳር ሆኖ ያያል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የርስት መብት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ለሁሉም ክፍት የሆነ ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ማጭዱና ግጦሹ በረታ፣ እርሻውም ወደ ዳሩ ተጠጋ። በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ኮሚቴ አቋቁመው መልሰው መዝጋት ጀመሩ። በዚህኛው ዘር አይጠየቅም፤ የቀበሌው ነዋሪ መሆን ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል የጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት በደንብ አጸደቀ። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ባለቤቱ በዙሪያው የሚኖረው ሰው ነው።

በመዘጋቱ ከሣሩና ከውኃው ሌላ የተረፈ ነገርም አለ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ ከእነሱ ጥቂቶቹ እዚህ ይኖራሉ። አይጥ ይበላሉ፤ አይጡ ሣሩን ይበላል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይም ረግረጉ ዳር ጎጆውን ይሠራል። ጭላዳው ግን ማጡን ብዙም አይወደውም፤ ደረቁ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ እየነቀለ ይውላል።

ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ከጥቅምት በኋላ ይሻላል፤ ነሐሴ ላይ መንገዱም ጉሙም አያስቸግር አይባልም። ወፍራም ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለረግረጉ ቦቲ ጫማ ደህና ነው። ስትራመዱ ሰው የለመደውን ዱካ ተከተሉ። ቀጤማው ጉብ ላይ ብትረግጡ ይሸከማችኋል፤ ግን አትርገጡት። ያ ጉብ እዚያ መጠን ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። በጉቦቹ መካከል ካለው ጥቁር ውኃ ደግሞ እግር እንጂ ጫማ ሁልጊዜ አይመለስም።